አርባ አንዱ የጌድዴር ቤቶች

ከአገሩ የወጣ ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ መንደሩን ተሸክሞ የመጣ አንድ ሰው አይጠፋም። ሌሎቻችን ሻንጣ ይዘን ነው የወጣነው። እሱ ግን የውሃ ጋኑን፣ የጎረቤቱን ፍየል፣ የነፋሱን አቅጣጫና የሁሉንም ሰው የእናት ስም ይዞ ነው የመጣው። ታውቁታላችሁ። ስማችሁን ሳይጠይቅ «የየት መንደር ልጅ ነህ?» የሚላችሁ እሱ ነው። ስትነግሩት «ኧረ ተው! ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ?» ይላል፤ እናንተም መንደራችሁ ወንዝ እንደነበረው ገና ያኔ ትዝ ይላችኋል።

የእኛው፣ የጅቡቲዎቹ ማለቴ ነው፣ ክቡር አቶ ተክለወልድ ይባላሉ። የጌድዴር ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ የጌድዴር ካርታ ሥራ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅና ብቸኛ ሠራተኛ ናቸው። ጌድዴር ልክ ድንበሩ ላይ፣ በአሮጌው የባቡር ሐዲድ ዳር ያለች መንደር ናት። ስሟ በሶማልኛ ረጅም ዛፍ ማለት ነው አሉ፤ ዛፍ ግን የላትም። ጋሽ ተክለወልድ በወጣትነታቸው እዚያ ሐዲድ ጠጋኝ ነበሩ።

«አርባ አንድ ቤት» ይላሉ ጣታቸውን አንስተው። «ሃያ ሦስቱ ኢትዮጵያ፣ አሥራ ሰባቱ ጅቡቲ። አንዱ የዓቢዳ ነው። ዓቢዳ ኢትዮጵያ ትተኛለች፣ ጅቡቲ ወጥ ትሠራለች።»

ድንበሩ በኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ናቸው። የመንደሩ ልጆች ድንጋዮቹን እየገፉ ይጫወቱባቸው ስለነበር አንድ ሳምንት የባቡር ጣቢያው በሙሉ ጅቡቲ ገብቶ እንደሰነበተ ጋሽ ተክለወልድ ይምላሉ። «ሁለቱም መንግሥታት አላወቁም። እኔ ነኝ የመለስኩት» ይላሉ፣ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

እኔ ፀጋው እባላለሁ፤ ወደብ ላይ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ጸሐፊ ነኝ። ምሳዬን የምበላው ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር፣ ወይዘሮ ትሁን ምግብ ቤት ነው። ጋሽ ተክለወልድም ሌሊት መጋዘን ሲጠብቁ አድረው፣ ጠዋት ተኝተው፣ ልክ በስድስት ሰዓት በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ይይዛሉ። የአገር ቤት ሾፌር ሲገባ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ያስቆሙታል።

«በየት ገባህ?»

«በጋላፊ፣ አባባ።»

«በጋላፊ የገባ ሰው ገባ አይባልም። ሂድ ብላ።»

በሌላኛው የድንበር በር፣ በደወሌ የገባ ከሆነ ግን ወንበር ይስቡለታል። የደወሌ መንገድ ጌድዴርን ከሩቅ እያሳየ ነው የሚያልፈው። «ጌድዴር ጋ ምን አየህ?» ይሉታል። ሾፌሩ አንዲት ሴት ውሃ ስትቀዳ አይቻለሁ ካለ ምን ዓይነት ቀሚስ እንደለበሰች ይጠይቁታል። አረንጓዴ ካለ አለቀለት። «ዋሸህ! አረንጓዴ የምትለብሰው ሱሪያ ናት። ሱሪያ በዚያ ሰዓት ሻይ ታፈላለች እንጂ ውሃ አትቀዳም።» ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ የመጣ ትልቅ ሰው ስላላያት ሴት ይቅርታ ሲጠይቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወለተማርያምስ?» ይላሉ። ሚስታቸው ናቸው።

«ደህና ናቸው አባባ። ሰላም ብለዋል።»

ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ታጥበው መብላት ይጀምራሉ።

አንድ ቀን በስልኬ ከሰማይ የተነሳ የጌድዴርን ፎቶ አወጣሁና «ይኸው ጋሼ፣ መንደርዎ» ብዬ አሳየኋቸው። ግራጫ ሜዳ ላይ ጣራ የሌላቸው አራት ማዕዘኖች ነበሩ። ትክ ብለው አዩት። «ፎቶ አንሺው የመጣው ሰዉ ሁሉ ውስጥ በገባበት ሰዓት ነው» አሉና ስልኬን በፊቱ ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ምሳዬን እስክጨርስ እጃቸውን ከላዩ አላነሱም።

በበጋው፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን ይዞ ሲመጣና ከተማው በር ዘግቶ ሲተኛ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። ጋሽ ተክለወልድ ዓይናቸውን ይጨፍኑና «ከጣቢያው ጀምረን እንቁጠር» ይላሉ። ጣታቸው ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የሱሪያ ሻይ ቤት። የውሃ ጋኑ። የዓቢዳ ሰማያዊ በር። መሃል ላይ ጣታቸው ይቆምና አንገታቸውን ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል አድርገው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት ነሽ?» ይላሉ። ቀጥለው እንደ ሰው ወግ መልሱን ይጠብቃሉ። እስኪጨርሱ ድረስ ማንም አይጎርስም። አንዳንዴ «ዛሬ ጌድዴር ዘነበ» ይላሉ፤ በሦስተኛው ቀን በደወሌ የገባ መኪና ጭቃ ተለጥፎበት ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ወይዘሮ ወለተማርያም ከሞቱ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውን አይነግርም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰውየው እህል ሳይቀምስ በሩ ይንኳኳል። ጋሽ ተክለወልድ እዚህ ዘመድ የላቸውም። ወሬውን ያመጣው የባቡር ሠራተኛ ለአገር ልጆች ነገረ። የአገር ልጆች አምስት ሰው መረጡ፤ ተናጋሪ እንድሆን የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ከአምስቱ አንዱ ታመመ። እሱ ሲድን ጾም ገባና ከፋሲካ በኋላ ተባለ። ከፋሲካ በኋላ ሙቀቱ መጣና ደም ግፊት አለባቸው ተባለ። በዚህ መሃል እሳቸው አንዱን ሾፌር «ወለተማርያም እንዴት ናት?» ብለው ጠየቁት። ሾፌሩ መርዶ ነጋሪ መሆን ፈራና «ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለዋል» አለ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ አለቀለት። ባለፈው ሳምንት ደህና ናት የተባለችን ሴት አምና ሞታለች ብሎ መናገር ከየት ይመጣል?

ስለዚህ በደወሌ መስመር ለሚገባ አዲስ ሾፌር ሁሉ ወይዘሮ ትሁን በር ላይ ትምህርት ይሰጠዋል። «ሽማግሌው ሚስታቸውን ከጠየቁህ ደህና ናቸው በል፤ ሰላም ብለዋል በል፤ ሌላ እንዳትጨምር።» ሰው ግን መጨመር ይወዳል። አንዱ ፍየል ወልዳላቸዋለች አለ። አንዱ በር አስቀብተዋል አለ። አንዱ እንዲያውም ወፍረዋል አለ። እንዲህ እያልን ከሞቱ በኋላ ሴትዮዋን አወፈርናቸው።

ጋሽ ተክለወልድ በየዓመቱ «ዘንድሮስ ልሄድ ነው» ብለው ሻንጣ ያሥራሉ። ያኔ ሾፌር ሁሉ በአንድ ቃል መንገዱ በጎርፍ ተቆርጧል ይላል፤ ዝናብ ጠብ ባላለበት ዓመት ሳይቀር። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብለው ሻንጣውን ይፈታሉ። ቶሎ ነበር የሚያምኑን። ይህ ነገር በጊዜው ሊገርመኝ ይገባ ነበር።

ጌድዴርም ራሷ የለችም። ባቡሩ ሲቆም ሰዉ ቆርቆሮውን ነቅሎ ወደ መኪናው መንገድ ሄደ። የቀረው ግድግዳ ነው። ይህን ሁሉም ሾፌር ያውቃል፤ እዚያ የሚቆም ግን የለም።

ደምመላሽ ባለፈው ነሐሴ ቆመ። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ፖሊስም ጅብም የማይፈራ ሾፌር። ጎማው ጌድዴር ጋ ፈነዳበትና በጠራራ ፀሐይ መኪናውን ከአንድ ግድግዳ ጥላ አጠገብ አቆመ። ጎማውን ቀይሮ ቀና ሲል ከፊቱ ያለው ግቢ ተጠርጓል። የመጥረጊያው ፈለግ ከበሩ እስከ ነጫጮቹ ድንጋዮች ድረስ አሸዋው ላይ ተሰልፏል። የእግር ዱካ የለም። ነፋሱ ደግሞ መነጽር የሚያስወልቅ ነበር፤ በዚያ ነፋስ ፈለግ አምስት ደቂቃ አይቆይም። ደምመላሽ የውሃ ጄሪካኑን እዚያው ጥሎ ፈረጠጠ።

ይህን የነገረኝ ወደብ በር ላይ ነው፣ ከመኪናው ሳይወርድ። «ፀጋው ሙት፣ ለማንም እንዳትተነፍስ» አለኝ። አብረን ወደ ወይዘሮ ትሁን ሄድን። ጋሽ ተክለወልድ በየት ገባህ እንኳ አላሉትም።

«ምነው ሮጥክ?» አሉት። «ወለተማርያም ውሃ ልትሞላልህ ብትወጣ ጄሪካንህን ጥለህ ሄድክ። ቅር ብሏታል።»

ደምመላሽ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋላፊ ነው የሚገባው። እኔም ለባዶ ወንበር ጀርባዬን ሰጥቼ መቀመጥ አቃተኝ።

ሰብሊ የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሃያብለ ሰፈር ትኖራለች፤ በየሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። እናቷ በጨቅላነቷ አዝላት ጅቡቲ ገብታ፣ ባለፈው ዓመት ሞተችባት። ወረቀት የሚባል ነገር የላትም። ወረቀት የሌለው ሰው ከተያዘ ድንበር ይሸኛል፤ ሰብሊ ደግሞ ከድንበሩ ማዶ የምታውቀው አንድ ሰው የላትም። የአገር ልጆች ኮሚቴ የትውልድ ማረጋገጫ የሚጽፈው ከዚያው መንደር የሆነ ሽማግሌ ቀርቦ «እገሌ ቤት ተወልዳለች» ብሎ ሲመሰክር ብቻ ነው። ኮሚቴው የሚቀመጠው በወሩ መጨረሻ ሐሙስ ነው። አሠሪዋም ከዚያ ሐሙስ በኋላ ያለ ወረቀት በሬን እንዳትረግጪ ብላታለች። የተወለደችው ጌድዴር ነው። በጅቡቲ ከተማ የጌድዴር ሽማግሌ አንድ ብቻ ነው።

አንድ ብቻ ከመሆናቸውም በላይ በሐሰት መስክረው አያውቁም። ከዚህ በፊት ጌድዴሬ ነኝ ያሉ ሦስት ሰዎችን የሱሪያ ሻይ ቤት ስንት መስኮት እንዳለው ጠይቀው ጥለዋቸዋል።

«ከጣቢያው ጀምረን እንቁጠር» አሏት ዓይናቸውን ጨፍነው። ጣታቸው ሄደ። ሰብሊ በእናቷ አፍ የሰማችውን እየተከተለች አብራ ሄደች። ሻይ ቤቱን አልሳተችም፤ የውሃ ጋኑንም።

«ከጋኑ ፊት ለፊት ሰማያዊ በር አለ፤ የዓቢዳ» አለች። «የኛ ከሱ ቀጥሎ ነው።»

ጣታቸው ቆመ። «ከዓቢዳ ቀጥሎ ያለው የኔ ቤት ነው።»

«እናቴ ያለችኝ እንደዚያ ነው አባባ። ጣራው ሦስተኛው ወራጅ ላይ ያፈሳል። እኔ ስወለድ ሥሩ ሳፋ ተደቅኖ ነበር ትለኝ ነበር።»

ጋሽ ተክለወልድ ዓይናቸውን ገለጡ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ወደብ ሦስት ወር ሠርተው ቆርቆሮ ሊገዙ የመጡት ለዚያ ለሚያፈሰው ጣራ ነበር።

«እኔ ቤት ልጅ አልተወለደም» አሉ በመጨረሻ። «ቢወለድ ወለተማርያም ትልክልኝ ነበር። ወሬ በየሳምንቱ ነው የምትልክልኝ። አይደለም እንዴ?» ዞረው እኛን አዩን። ዘጠኝ ሾፌርና አንድ ጸሐፊ ሳህን ሳህናችንን አየን።

ሰብሊ አፏን ልትከፍት ስትል ወይዘሮ ትሁን በክንዷ ጎትተው ማድ ቤት አስገቧት። እኔም ተከተልኩ። እዚያ ነው ሙሉውን የሰማነው። ወይዘሮ ወለተማርያም የሰብሊን እናት እርጉዝ ሆና መጠጊያ ብታጣ ቤታቸው አስገቧት። ራሳቸው አዋለዷት፣ ለሕፃኗም ስም አወጡላት። ልጅቷ ዓመት ሲሆናት ንዳድ ያዛቸውና ሞቱ። አጥባ የገነዘቻቸው የሰብሊ እናት ናት።

«ይህን ለሳቸው እንዳትናገሪ!» አሉ ወይዘሮ ትሁን። «ልትገድያቸው ነው?»

«እሺ እትዬ» አለች ሰብሊ። «ግን እንዳልተወለድኩ አድርገው ነው እኮ ያዩኝ።»

ወይዘሮ ትሁን ሽንኩርት መክተፊያው አጠገብ ተቀምጠው አለቀሱ። ልጅቷ ያለችው እውነት ነበር። በየሳምንቱ የላክነው የሐሰት ሰላምታ እሷን ቤት የለሽ አድርጓታል። ወይዘሮ ወለተማርያም በሕይወት ካሉ ሰብሊ ውሸታም ናት። ሰብሊ እውነተኛ ከሆነች ደግሞ ሴትየዋ ሞተዋል፤ ያን ደግሞ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ተናጋሪው ማን እንደነበር አልረሳሁም።

ከሐሙሱ በፊት ባለው ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሄድን። ወይዘሮ ትሁን፣ ሰብሊ፣ ደምመላሽ፣ ሦስት የደወሌ ሾፌሮችና እኔ፣ ሰባት ነን። ለማንም አልተናገርንም። በራቸው ገርበብ ብሏል። ሳንኳኳ በእጄ ተገፋ።

ጋሽ ተክለወልድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ወንበር ተደርድሯል። ቆጠርኩት፣ ሰባት ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ከሁለት ወንበር በላይ አይቼ አላውቅም።

«ግቡ» አሉ። «ቆያችሁ እኮ።»

ተቀመጥን። ሃያ ሁለት ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር አፌን ከፈትኩ። «ሙቀቱ ዘንድሮ…» አልኩ፤ ከዚያ ማለፍ አቃተኝ። ወይዘሮ ትሁን በክርናቸው ጎሰሙኝ።

ሰብሊ ከወንበሯ ወርዳ ጉልበታቸውን ያዘች። «አባባ፣ እትዬ ወለተማርያም አርፈዋል። እናቴ ናት ያጠበቻቸው። ብቻቸውን አልሞቱም። እጃቸውን ይዛቸው ነበር።»

«መቼ ነው?»

«እኔ ዓመት ሲሞላኝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አለቀሱ። ያን ያህል ዓመት ታምቆ የቆየ ለቅሶ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር፤ ባላውቀውም በወደድኩ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ፤ ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎቹም ነገሩን ሳይጠይቁ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

ካርቲየ 4 መንገድ ላይ ሦስት ቀን ድንኳን ተተከለ። በደወሌ የገባውም በጋላፊ የገባውም ሾፌር መኪናውን አቁሞ ለቅሶ ደረሰ። አብዝቶ ያለቀሰው ወፍረዋል ያለው ነው። ጋሽ ተክለወልድ ራሳቸው ሐዘንተኛ ሆነው እሱን ያጽናኑት ነበር። «አይዞህ ልጄ፣ አንተ ሁልጊዜም ጥሩ ጥሩውን ነበር የምትነግረኝ» አሉት። እሱ ይህን ሲሰማ ባሰበት።

በሁለተኛው ቀን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ሰው ሳያረዱት እንዴት ያለቅሳል?» አሉኝ። «ብቻዬን ባለቅስ አበደ ትሉኝ ነበር። ዛሬ ይመጣሉ፣ ነገ ይመጣሉ እያልኩ ስጠብቃችሁ ነው የኖርኩት። ጊዜው ሲረዝም ደግሞ የላካችሁልኝን ሰላምታ ለመድኩት።»

አንገቴን ደፋሁ። ቆይቼ «የደምመላሽን ጄሪካንስ ማን ነገረዎት?» አልኩ።

ወደ ድንኳኑ በር ዞሩ። «እሱን እኔን አትጠይቀኝ» አሉ። ሁለተኛ አልጠየቅሁም፤ እናንተም ባትጠይቁኝ ደስ ይለኛል።

እኔ እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ። ምሳዬን በሰላም በልቼ አላውቅም፤ አረንጓዴ ቀሚስ የለበሰች ሴት ሳይ አሁንም ሰዓቴን አያለሁ፤ እየፈራሁም ቢሆን እወዳቸዋለሁ።

ሐሙስ ዕለት ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። የኮሚቴው ጸሐፊ ቅጹን ዘረጋ።

«የተወለደችበት ቤት?»

«የኔ ቤት። ከዓቢዳ ቀጥሎ።»

«ስትወለድ እርስዎ ነበሩ?»

«አልነበርኩም። መኖር ነበረብኝ፤ አልነበርኩም።»

«ያዋለዳት ሰው?»

«ሚስቴ ወለተማርያም።»

«በሕይወት አለች?»

ወይዘሮ ትሁን እጄን ጨበጡኝ። ጋሽ ተክለወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የለችም» አሉ።

ጸሐፊው ጻፈ። «ከአመልካቿ ጋር ያለዎት ዝምድና?»

በሐሰት መስክረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ሰብሊ መሬት መሬቱን ታያለች። ዝምድና የለንም ይላሉ ብዬ ፈራሁ።

«ሚስቴ ቤቴ ውስጥ ተቀብላ ስም ያወጣችላት ልጅ ናት ብለህ ጻፍ» አሉ።

«ይህን የሚል ቦታ የለም አባባ። ልጅ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው ያለው።»

«እንግዲያው የመጀመሪያውን ጻፍ።»

ማኅተሙ ተመታ። ውጭ ስንወጣ ሰብሊ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ እግራቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓትና ፊቷን ትክ ብለው አዩ። እኔ ከሳቸው ጋር ስውል በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ስለ ጌድዴር እንጂ እዚህ ስላለ ሰው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

«አንቺ ልጅ» አሏት፣ «ቁርስ በልተሻል?»